የጎደሬ ውሃና የማኅተም ቀለም

የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ሲባል ሌላው ሰው ምን እንደሚሸተው አላውቅም። አንዳንዱ አሲድ ይላል፣ አንዳንዱ አልኮል። እኔን የሚሸተኝ ጥሬ ሥጋ ነው። ሚዛን ተፈሪ ኬሚስትሪ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ትምህርት ቤታችን ትልቅ እንግዳ በመጣ ቁጥር በሬ ይታረድ ነበር። ሰፋፊ ጠረጴዛና የሚሠራ ቧንቧ ያለው ክፍል ደግሞ ቤተ ሙከራው ብቻ ነበር። ስለዚህ ብልቱ የሚዘረጋው እኛ አሲድ በምንለካበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ቢላዋው የሚታጠበው በእኛ ገንዳ ነው። የመስታወት ቱቦ በምናቆምበት ብረት ላይ ሻኛ ተንጠልጥሎ በዐይኔ አይቻለሁ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ዝንቡ ለሳምንት አይለቅም፤ ስቡ በጠረጴዛው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ተማሪ ክንዱን ሲያሳርፍ ይጣበቅበታል። ዛሬም በሥጋ ቤት በር ሳልፍ የአሲድና የቤዝ ትምህርት ትዝ ይለኛል፤ ለሰው ባወራው ያበድኩ ስለሚመስል አላወራውም።

አንድ ጊዜማ ብርሌ አነሰ ተብሎ ጠጅ በፍላስኮቻችን ሊቀዳ ነበር። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረዘም ያለ ነገር ነው፤ ጠጅ ለጠማው ሰው ያሳስታል። ያስጣሉን የቤተ ሙከራው ሰው ናቸው። «መርዝ ነበረበት» ብለው ሁሉንም ሰብስበው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉባቸው። መርዝ የሚባል ነገር አልነበረበትም፤ ያጠቧቸው ራሳቸው ናቸው፣ በከተማው ካለ ከየትኛውም የሆቴል ብርጭቆ ይነጻሉ።

እኚህን ሰው ላስተዋውቅ፣ ይህን ሁሉ የማወራው በእሳቸው ምክንያት ነውና። በወረቀት የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። ቅጥራቸው በየዓመቱ የሚታደስ ኮንትራት ነው፤ እኔ ስደርስ አሥራ አንድ ዓመት እንደዚያው ሲታደስላቸው ኖሯል። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። የሼኮ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው የቡና ጆንያ ሲሸከሙ ወገባቸው ስለተጎዳ፣ ጎንበስ ካሉ በኋላ ቀና ለማለት ጠረጴዛ መያዝ አለባቸው። ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ቤተ ሙከራውን የሚከፍቱትም፣ የሚጠርጉትም፣ ዕቃውን የሚያጥቡትም፣ ስሙ የተላጠበትን ኬሚካል በመልኩ ለይተው የሚያውቁትም እሳቸው ናቸው። አማርኛቸው ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም። ለእኔም፣ ለጥበቃውም፣ ለርዕሰ መምህሩም እኩል «አንቺ» እና «አንተ» ነው። ርዕሰ መምህሩ ይህን እንደ ድፍረት ይቆጥርባቸው ነበር። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ በዚያ ግቢ ውስጥ ነገር ሳይቀባቡ የሚናገሩ ብቸኛ ሰው እሳቸው ስለነበሩ «አንቺ» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ቤተ ሙከራ እያልኩ የምጠራውን ክፍል መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ምሳ አልበላሁም። «ስታርች» ተብሎ የተጻፈበትን ብልቃጥ ስከፍት ዱቄቱ ተንቀሳቀሰ። ትል ነው፤ ከላይ እስከ ታች ትል ነው። ሊትመስ ወረቀቱን አይጥ ቆርጥሞ ጨርሶታል፣ ኩሱን ደግሞ በሚዛኑ ሳህን ላይ ትቶታል። ጋሼ ቁልፉን እንደያዙ አጠገቤ ቆመው «እኔ የማጸዳው ወለሉን ነው፤ ቁም ሣጥኑን አትንካ ተብያለሁ» አሉኝ። የከለከላቸው ርዕሰ መምህሩ ነው፤ ንብረት እንዳይጎድል። ጋሼና እኔ ትሉን፣ ኩሱንና የሞተውን ሁሉ ለማውጣት ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን። አፌን በነጠላ ሸፍኜ እንኳ ሁለት ጊዜ ወጥቼ አስመልሶኛል።

ይህ ሁሉ እያለ በየሩብ ዓመቱ የሚላከው ሪፖርት «የቤተ ሙከራ ትምህርት በዕቅዱ መሠረት ሙሉ በሙሉ ተከናውኗል» ይላል። የሚያዘጋጀው ርዕሰ መምህሩ ነው። አውራ ጣቱን ምላሱ ላይ እያስነካ ገጽ ይገልጣል፤ ያንኑ ምራቅ የነካውን ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ይለኛል። ወረቀቱን በጥፍሬ ጫፍ እይዘዋለሁ። ግን እፈርማለሁ።

ጊዜው በየክፍሉ የፕላዝማ ቴሌቪዥን የገባ ሰሞን ነው። ትምህርቱ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይመጣል፣ የእኔ ሥራ ማብራትና ማጥፋት ነው። አንድ ቀን ጓንት ያጠለቀ እጅ ሁለት ውሃ የመሰሉ ነገሮችን ብርጭቆ ውስጥ ቀላቀለ። ጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ ብርጭቆው ሙሉ በአንድ ጊዜ ጠቆረ። ቀጥሎ «አሁን እናንተ ሞክሩት» የሚል ጽሑፍ መጣ፣ ከሥሩም ከሦስት ደቂቃ ወደ ታች የሚቆጥር ሰዓት። ከስልሳ በላይ የሆኑ ተማሪዎቼ እጃቸውን አጣጥፈው ቁጥሩ ሲወርድ አዩ። ዜሮ ሲደርስ የማናየው ሰውዬ «ዌል ደን» አለን። ተማሪዎቹ ውጤቱን በደብተራቸው ገለበጡ፤ ያልሠሩትን «ሠራን» ብለው መጻፍ ለምደዋል። ያስለመድናቸው እኛ ነን፣ የእኔም ፊርማ አለበት። አንገሸገሸኝ። ማጥፊያውን ተጭኜ ወጣሁ፤ ለዚያም ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ።

ነገሩ እኮ ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ ዕቃ የሚሠራ ነው። ቁስል ላይ የሚቀባው አዮዲን፣ የቫይታሚን ሲ እንክብል፣ ቁስል ሲታጠብበት አረፋ የሚያወጣው ፐርኦክሳይድ፣ ከዚያ ትንሽ ስታርች። አዮዲኑ ቫይታሚኑን ሲያገኝ ቡናማ መልኩ ይጠፋል። በሌላው ዕቃ ፐርኦክሳይድና ስታርች አለ። ሁለቱ ሲገናኙ ፐርኦክሳይዱ አዮዲኑን መልሶ ሊያወጣው ይታገላል፣ ቫይታሚኑ ደግሞ እየተከተለ ይደብቀዋል። ቫይታሚኑ ያለቀበት ቅጽበት ላይ አዮዲኑ ስታርቹን ያገኝና ሁሉም ነገር ድንገት ይጠቁራል። እስከዚያ የሚታይ ነገር የለም። ውሃ ነው፣ ዝም ብሎ ውሃ። ግን መቼ እንደሚጠቁር አስቀድሞ መናገር ይቻላል፣ እኔም የምወደው እሱን ነው።

ተወልጄ ያደግኩት ቴፒ ነው። በእረፍት ጊዜ እናቴ ቤት ሩዝ የተቀቀለበትን ውሃ በስታርች ፈንታ አድርጌ ሞከርኩት፤ አርባ ሰከንድ አካባቢ ሲሆን ጠቆረ። ሚዛን ተመልሼ ለጋሼ ስነግራቸው ስለ ሩዝ አልገባቸውም። «ጎደሬስ?» አሉ። ጎደሬ ልጠው፣ ቀቅለው፣ ወቅጠው፣ ውሃውን በጨርቅ አጥልለው በጠርሙስ አመጡልኝ። ከሩዙ ጠራ ያለ ነበር። ግን ስንሞክረው ከአንድ ደቂቃ በላይ ፈጀ። «ጎደሬው ነው ያበላሸው» አልኳቸው፤ ትንሽም ተነጫነጭኩ። አልተቀበሉኝም።

«ቴፒ ሙቅ ነው» አሉ። «ቴፒ የተጠነሰሰ ቦርዴ ባንድ ቀን ይደርሳል። እዚህ ሁለት ቀን ነው። ይሄም ያው ነው።»

አፈርኩ። ሙቀት ሲጨምር ለውጡ ይፈጥናል ብዬ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ። በራሴ ብልቃጥ ውስጥ ሳየው ግን ያልለየሁት እኔ ነኝ፣ የለዩት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው። በጠዋት ይሞክራሉ፣ ቀትር ላይ ይሞክራሉ፣ ዝናብ አባርቶ ይሞክራሉ። በእኔ ሞባይል ይለኩና ቁጥሩን ከበሩ ጀርባ በከሰል ይጽፋሉ፤ ጠዋት፣ ቀትር፣ ዝናብ፣ ጭጋግ። ወር ሳይሞላ ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው «ዛሬ ስልሳ አምስት» ይላሉ፣ ስልሳ ሦስት ወይም ስልሳ ሰባት ይሆናል። ተማሪዎች በእረፍት ሰዓት በሩ ላይ እየተጋፉ ያዩ ነበር። ምንም ሳይሆን ሲቆይ አንዳንዱ «አልሠራም» ብሎ ሊሄድ ይነሣል፤ ጋሼ ቀና ሳይሉ «ቆይ» ይሉታል። ይቆያል፣ ይጠቁራል። በአሥራ ምናምን ዓመት የማስተማር ዘመኔ ከተማሪ ፊት ቆሜ ያላፈርኩበት ጊዜ ቢኖር ያ ነው።

በዚያው ዓመት የኮንትራት ሠራተኞች ይቀነሳሉ የሚል ወሬ መጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ወሬው ደብዳቤ ሆነ። የጋሼ ውል በሰኔ መጨረሻ ያበቃል፣ አይታደስም። በዚያ ወገብ ወደ ቡና ለቀማና ጆንያ ሸክም ቢመለሱ አንድ መኸር እንደማይቆዩ እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ሁለት ሴት ልጆቻቸው እኛው ዘንድ ይማሩ ነበር። አንድ መውጫ ብቻ ነበረች። «የቤተ ሙከራ ረዳት» የሚል ቋሚ መደብ ለዓመታት ሰው ሳይመደብበት ቆይቷል፤ ዲፕሎማ ይጠይቃል፣ ግን የበላይ ኃላፊ ከፈቀደ በልምድ መያዝ ይቻላል። ያ ኃላፊ ደግሞ በግንቦት ሊጎበኘን ነው ተባለ።

ርዕሰ መምህሩ ቢሮው አስጠራኝና «ያቺን ቀለም የምትለውጠዋን ነገር ለእንግዳው ታሳያላችሁ» አለኝ። «ሰውየው ከተደሰተ የሽማግሌው ጉዳይ አንዲት ፊርማ ናት።» ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ጠየቀኝ። በቀትር ሙቀት፣ መጠኑን አስተካክለን፣ አርባ አምስት ሰከንድ አልኩት። «ከደቂቃ እንዳያልፍ፣ ትልቅ ሰው ነው» አለ። ይህን ሲል ጣቱን ምላሱ ላይ አስነክቶ የጉብኝቱን መርሐ ግብር ገለጠ። ሥጋው ቤተ ሙከራ ውስጥ እንዳይሆን ለመንኩት። ሌላ ክፍል የለም አለኝ።

የዕለቱን ነገር ባላስታውሰው እወዳለሁ። ሦስት ሰዓት ይደርሳል የተባለ እንግዳ ሰባት ሰዓት ተኩል ደረሰ። ተማሪዎቹ በካፊያ ውስጥ ሰንደቅና መፈክር የተጻፈበት ጨርቅ ይዘው ጭቃ ላይ ቆመው አራት ሰዓት ተኩል ሙሉ ጠበቁት። ቤተ ሙከራው ከመካከል ተከፍሎ ነበር። በመስኮቱ በኩል የእኛ ጠረጴዛ፣ በገንዳው በኩል በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ብልት። ደሙ ጨርቁን አልፎ ወደ ወለሉ ይንጠባጠባል። ዝንቡ ወደ እኛም ጠረጴዛ እየመጣ የጎደሬው ውሃ ላይ ያርፋል፣ ጋሼ በወረቀት ያባርራሉ። የሥጋው ሽታና የአዮዲኑ ሽታ ተቀላቅሏል።

ጋሼ ከማለዳ ጀምረው ተዘጋጅተዋል። ሁለቱ ድብልቆች በየብልቃጣቸው ናቸው፤ የሚቀጥኑበት የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ተጣርቶ በማሰሮ ሙሉ ክፍሉ ውስጥ ከዋለ ቆይቷል፣ ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር እንዲስማማ። በዝናብ ወራት የእኛ ውሃ ቢጣራም ትንሽ ቀላ ይላል፤ ሥራውን አይነካም፣ ብዙ ጊዜ ሞክረነዋል። የመኪና ድምፅ ሲሰማ ሁላችንም ለአቀባበል ወጣን። ርዕሰ መምህሩ ወደ ኋላ ቀርቶ ክፍሉን ለመጨረሻ ጊዜ ሊያይ ገባ፣ ቀላ ያለውን ውሃ አየ፣ አፈረበት። ለትልቅ እንግዳ የቀላ ውሃ እንዴት ይቀርባል? የማሰሮውን ውሃ በመስኮት ደፋና ለምሳ ከሆቴል ማቀዝቀዣ የመጣውን የታሸገ ውሃ ሞላበት። ማክበሩ ነበር። በኋላ ስጠይቀው ምን እንዳጠፋ አልገባውም።

እኛ ያወቅነው እንግዳው ፊት ቆመን ነው። ጋሼ ማሰሮውን እንደያዙ ፊታቸው ተለወጠ። ጎንበስ ብለው በጆሮዬ «ቀዝቃዛ ነው» አሉኝ። ርዕሰ መምህሩ «እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ በአርባ አምስት ሰከንድ ውስጥ» እያለ ነበር። እንግዳው የእጅ ሰዓቱን ከፍ አድርጎ ያዘ። ምን ማድረግ እንደምችል ዛሬ በደንብ አውቃለሁ፤ ውሃው ተቀይሯልና አሥር ደቂቃ ይታገሡን ማለት ነበር። ያኔ ግን አልደፈርኩም። በዐይኔ «ይቀላቅሉት» አልኳቸው፤ ቀላቀሉት።

አርባ አምስት ሰከንድ አለፈ። ውሃ ነው። እንግዳው ከመንገድ ላይ የበላው ነገር ጥርሱ መካከል ቀርቶበት ኖሮ በስንጥር ይጎረጉራል። ያወጣውን አየውና መልሶ በላው። አንድ ደቂቃ አለፈ። ውሃ ነው። አጃቢዎቹ ጨርቁ ሥር ያለውን ብልት ማየት ጀመሩ። ጋሼ ብቻ አልተንቀሳቀሱም፤ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ብርጭቆውን ያያሉ። በዚህ መካከል የእንግዳው ስልክ ጮኸ፣ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ርዕሰ መምህሩ እጁን ኮት ኪሱ ውስጥ አስገብቶ ማንጠብጠቢያ አወጣ። የማኅተም ቀለም ተሞልቶበታል። ሐምራዊውን በደንብ አውቀዋለሁ፣ በየደብዳቤው ላይ የሚያርፈው ነው። ሦስት አራት ጊዜ ጠብ አደረገና በእስክሪብቶው አማሰለው። ያን ጊዜ የተሰማኝ ንዴት አይደለም። ቀለሙን አስቀድሞ ሞልቶ ይዞት መምጣቱ ነው ያቅለሸለሸኝ። በሳምንቱ ሁሉ «እንዴት ነው፣ ይሠራል?» እያለ ሲጠይቀን፣ ጋሼም ቁጥሩን ከበሩ ላይ ሲያነቡለት፣ ነገሩ እውነት ይሆናል ብሎ አንድም ቀን አላመነም ማለት ነው።

እንግዳው ዞር ሲል ብርጭቆው ሐምራዊ ሆኗል። «ድንቅ ነው» አለ። ጭብጨባ ሆነ። አጃቢዎቹ አጨበጨቡ፣ መምህራኑ አጨበጨቡ። ከፊት የቆሙት ተማሪዎች ጠብታው ሲወርድ ከክንድ ርቀት አይተውታል፤ እነሱም አጨበጨቡ፣ ከሁሉም ሞቅ አድርገው። ያስተማርናቸውን አልረሱም።

ጋሼ አላጨበጨቡም። ጭብጨባው ሲያልቅ ጮክ ብለው «ቲቸር፣ ይሄ የእኛ ነው?» አሉኝ።

እንግዳው «ምን አሉ?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ርዕሰ መምህሩ በዐይኑ ሊበላኝ ደርሷል። እኔ የታየኝ የጋሼ ወገብ ነው። ሰኔ ታየኝ፣ ጆንያው ታየኝ፣ ልጆቻቸው ታዩኝ። ወይም እንደዚያ ነው ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ።

«የእኛ ነው» አልኩ፣ ዐይኔን በጨው አጥቤ። ያ አልበቃኝም። «አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ትንሽ ይዘገያል» ብዬ ጨመርኩበት።

እንግዳው የጋሼን እጅ ጨበጠ። እንዲህ ያሉ ታታሪ ሰዎች ሊደገፉ ይገባል አለ፣ ጸሐፊው ማስታወሻ ያዘ። ከዚያ ሁሉም እጁን ሊታጠብ ወደ ገንዳው ዞረ፣ ጨርቁ ከብልቱ ላይ ተገፈፈ። ወደ መስኮቱ በኩል ያየሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሐምራዊው ውሃ ጥቁር ሆነ። በአንድ ጊዜ፣ ሙሉ በሙሉ፣ ልክ እንደሚሆነው። የእኛው ነው፣ በራሱ ሰዓት መጥቷል፣ ቀለሙንም ውጦታል። ጋሼ የእኔን ሞባይል አዩ፣ በሰዎቹ መካከል አልፈው ወደ በሩ ሄዱ፣ ከሰል አነሡ፣ ቁጥሩን ጻፉ። ሁለት ደቂቃ ከሃያ። አጠገቡም «በረዶ ውሃ» ብለው ጻፉበት።

ጠረጴዛው ጋ ተጠራሁ። ርዕሰ መምህሩ ከቀዩ ሥጋ ቆርጦ፣ በአዋዜ አጥቅሶ፣ በእንጀራ ጠቅልሎ ሊያጎርሰኝ እጁን ዘረጋ። «ዛሬ የአንቺ ቀን ነው» አለኝ። አውራ ጣቱ እስከ ጥፍሩ ሥር ሐምራዊ ነበር። እንግዳው ፈገግ ብሎ ያየኛል። ጉርሻ በሰው ፊት አይመለስም። አፌን ከፈትኩ፤ ጣቱ ከንፈሬን ነካኝ። አላመጥኩትም፣ እንዳለ ዋጥኩት። ከዚያች ቀን ወዲህ ጥሬ ሥጋ ቀምሼ አላውቅም። ሰዎች ሲጠይቁኝ ሐኪም ከልክሎኝ ነው እላለሁ።

የጋሼ የቋሚ ቅጥር ደብዳቤ ወር ሳይሞላ ደረሰ። ማኅተሙ ሐምራዊ ነው። «እንኳን ደስ ያለዎት» ልላቸው ወደ ቤተ ሙከራው ሄድኩ፤ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብለው ስቡን በፈላ ውሃ ይፈትጋሉ። ምስጋና የጠበቅኩ ይመስለኛል። እጃቸውን ጠርገው፣ ጠረጴዛውን ይዘው ቀና አሉ።

«ያን ቀን ለእኔ ብለሽ ነው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«እኔ ግን አውቄ ነው የጠየቅሁሽ። ‹አይደለም፣ የእኛው ይመጣል፣ ቆዩ› ትያለሽ ብዬ ነው። አንድ ደቂቃ ነበር የቀረው።»

«ባይቆዩስ?»

«ባይቆዩ ይሄዳሉ። እኔም እሄዳለሁ» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም። የደብዳቤውን ፖስታ ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝ፣ እንዳይረጥብ በላስቲክ ጠቅልለውታል። ደስም ብሏቸዋል፣ ያንንም አልደበቁኝም። ልጆቻቸው ትምህርታቸውን ይቀጥላሉ፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እንግዳው ስልሳ ሰከንድ ይቆይ ነበር ወይስ አይቆይም፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዕድሉን የነፈግኩት እኔ ነኝ። ለእሳቸው ብዬ ነው ያልኩት ውሸት የእሳቸውን አፍ ዘግቶ ለእኔ ሰላም መግዣ እንደነበረ የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው። ርዕሰ መምህሩን ስጸየፍ ኖሬአለሁ፤ ምራቁን፣ ጣቱን፣ ሪፖርቱን። በዚያች ደቂቃ የራሴ አፍ ቀፈፈኝ።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ምንኛ በወደድኩ። በቀጣዩ ዓመት ትምህርት ቤታችን በሳይንስ «ሞዴል» ተባለ። የልምድ ልውውጥ የሚባል ነገር የነገሠበት ዘመን ነው፤ ከማሻ፣ ከቴፒ፣ ከሸዋ ቤንች መምህራን በመኪና ተጭነው «ያቺን ሙከራ» ሊያዩ እንደሚመጡ ተነገረን። ርዕሰ መምህሩ ሁለታችንንም ጠርቶ ከእንግዲህ ጎደሬ፣ ማጥለል፣ ሰዓት መቁጠር እንደማያስፈልግ አስረዳን። ንጹሕ ውሃና ማንጠብጠቢያው ይበቃል፣ የማያስተማምን ነገር በእንግዳ ፊት አይሞከርም። ዝግጅቱ የቤተ ሙከራ ረዳቱ መደበኛ ሥራ መሆኑንም በጽሑፍ ሰጣቸው። የኮንትራት ሠራተኛ እያሉ «ይሄ የእኛ ነው?» ብለው በሰው ፊት መጠየቅ ይችሉ ነበር፤ የሚያጡት በሰኔ የሚያልቅ ውል ብቻ ነበር። አሁን ቋሚ ናቸው። ትእዛዝ ያልፈጸመ ቋሚ ሠራተኛ በዲሲፕሊን ይከሰሳል። እኔም የማስረዳው በቃል ብቻ ስለሆነ ምንም እንደማልነካ ተነገረኝ፤ ተቃውሞ አላሰማሁም።

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች የመጡ ዕለት መምህራኑ ጠረጴዛውን ከበው ደብተራቸውን ከፍተው ቆሙ። አንዲት ወጣት መምህርት እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ «ከምን ከምን ነው የሚሠራው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም አዮዲኑን፣ ቫይታሚኑን፣ ፐርኦክሳይዱን አንድ በአንድ ነገርኳት። ጻፈችው። ጋሼ አዲሱን ሰማያዊ ካፖርታቸውን ለብሰው አጠገቤ ቆመዋል። ማንጠብጠቢያው በመዳፋቸው ውስጥ ነው። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። ሹፈት የለበትም፤ ሥራቸውን አሳምረው ለመሥራት ነው የጠየቁኝ።

«ቲቸር፣ ስንት ሰከንድ ላይ ልጨምረው?»

«ሠላሳ» አልኳቸው።